የሚበጠስ ገመድ

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ ለራሷ አሳጠረች» የሚለው ተረት ፍርደ ገምድል ነው። ከሳሹም ዳኛውም ምስክሩም የገመዱ ባለቤት ነው፤ በቅሎዋ ጠበቃ አላቆመችም። ለምን በጠሰችው? እግሯ ተጠልፎ ነው? ጅብ ሸትቷት ነው? ወይስ ያሰራት ሰው ጠጅ ቤት ገብቶ ረስቷት ነው? ጠያቂ የለም። ቁጭቱ ሁሉ ለገመዱ ነው። እኔ ግን መላዝ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ፈረስ ቤት ከሚሠሩ የአገሬ ልጆች ጋር ቡና መጠጣት ከለመድኩ ወዲህ፣ ይግባኝ ልልላት ተነሥቻለሁ። ገመዷ አጥሯል፣ አልክድም። አንገቷ ግን ደኅና ነው።

መላዝ የሪያድ ሰፈር ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ለመንግሥት ሠራተኞች ተብሎ ሲቆረቆር አዲሲቱ ሪያድ ይባል ነበር፤ ከተማዋ ወደ ሰሜን እየገሰገሰች ጥላው ስትሄድ አዲስነቱም አብሯት ሄደ። ሐበሻ በብዛት የሚታወቀው ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ መንፉሓ ነው። መላዝም ቢሆን አልጠፋንም፤ ሾፌሩ አለ፣ ሱቅ ጠባቂው አለ፣ የሰው ቤት የምታስተዳድረው እኅት አለች፣ እንደኔ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «እንዲሁ እዚህ እዚያ» የሚል አለ።

ፈረስ ፍለጋ መላዝ የሚመጣ ሰው ግን ዘግይቷል። የሪያድ የፈረሰኞች ክለብ በ1965 የተቋቋመው እዚሁ ነው፤ ለአርባ ዓመት ግድም የከተማው ሩጫ የሚታየውም እዚሁ ነበር። በ2003 የንጉሥ አብዱልአዚዝ መሮጫ ሜዳ ጀናድሪያ ላይ ሲከፈት ፈረሶቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከከተማ ወጡ። አሮጌው ሜዳ ዛሬ የንጉሥ አብዱላህ መናፈሻ ነው። ፈረስ አቧራ ያስነሣበት በነበረው ቦታ ማታ ማታ ውኃ በመብራት ታጅቦ ይጨፍራል፣ ልጆችም አይስክሬም ይዘው ይመለከታሉ። ሰፈሩን አቋርጦ የሚያልፈው ትልቅ መንገድ በሰላሃዲን አዩቢ ስም ተሰይሟል፤ ሰዉ ሁሉ የሚጠራው ሲቲን ብሎ ነው። ዕድሜውን በፈረስ ጀርባ የጨረሰ ሰው በስሙ በተጠራ ጎዳና ላይ የሚያየው ካምሪ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቡና የምጠጣው ከነዚያ ከወጡት ፈረሶች ጋር ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ነው። ሥራቸው ጀናድሪያ ወይ ዲራብ አካባቢ ነው፤ ዓርብ ሲሆን መኪና ተጋርተው መላዝ ወዳለ አንድ የሐበሻ ቤት ይመጣሉ። እዚህ ሳይስ ይባላሉ። በእኛ አገር ደህና ዘመን ላይ ቢሆኑ ኖሮ ከመካከላቸው አንዱ ባልደራስ በተባለ፣ የንጉሥ ፈረስ ቤት አለቃ። ዛሬ ባልደራስ ሲባል አዲስ አበባ ላይ ለአብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ኮንዶሚኒየም ነው። የታሪካችን ነገር እንዲህ ነው፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን ሰዉን በፈረሱ ስም እናነሣለን። ታጠቅንም ዳኘውንም ሌሊት ተነሥቶ ገብስ የሰጣቸው፣ ገመዳቸውን የፈታ፣ እበታቸውን የጠረገ ልጅ ግን ስሙን የመዘገበለት የለም።

የሪያድ ፈረስ ታሪክ ውስጥ ለመግባት ጦርነት አያስፈልገውም። በ2020 የተጀመረው የሳዑዲ ዋንጫ ሽልማቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፈረሶቹ ፓስፖርት አላቸው፤ ከእንጅባራ የመጣው ወዳጄ እንደሚምለው ደግሞ የፈረሱ ፓስፖርት ከእሱ ፓስፖርት ቀድሞ ይታደሳል።

ዓርብ ዓርብ የሚነሣው ክርክር አንድ ነው፤ ከእግር ኳስ ቀጥሎ ማለቴ ነው። ፈረስ ከጋጣው ወጥቶ በታጠረ ሜዳ ሲለቀቅ ልባቡ ራሱ ላይ ይቆይ ወይስ ይውለቅ? ለከተሜ አንባቢ ልንገር፣ ልባብና ልጓም አንድ አይደሉም። ልጓም ብረቱ አፍ ውስጥ የሚገባ፣ ሲጋልቡ የሚያዙበት ነው። ልባብ ብረት አፍ ውስጥ አይከትም፤ በአፍንጫው ዞሮ ከጆሮው ኋላ ይታሰራል፣ ለመሳብና ለማሰር ነው። ክርክሩን በሁለት ጎራ የሚመሩት አንድ የወረኢሉ ሰውና ያ የእንጅባራ ልጅ ናቸው። የወረኢሉው ሰው ሽበታም ነው፣ ብዙ ጋጣ አሳልፏል፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ጋሼ «ይቆይ» ባይ ነው። ልጁ «ይውለቅ» ባይ ነው።

የጋሼ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፣ እሱ ሲናገረው እጁም ስለሚናገር ግማሹ ይጎድላል።

«እናንተ ፈረሱን እንጂ የፈረሱን ባለቤት አታውቁትም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እንግዶች ይዞ ከች ይላል። ያቺን ግራጫዋን አምጣት ይለኛል። ግራጫዋ ሜዳ ላይ ናት። እሄዳለሁ። አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኛለች፣ ትጠብቀኛለች፣ ልክ እጄ ሊነካት አንድ ክንድ ሲቀረው ዘወር ብላ ትሄዳለች። አትሮጥም እኮ! ብትሮጥ ደግ ነበር። ረጋ ብላ ነው የምትሄደው፣ ለእንግዶቹ የምታስጎበኘኝ ነው የምትመስለው። እኔ በአሸዋ ላይ፣ ልባብ በእጄ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ። እንግዶቹ በሞባይል ይቀርጹኛል። ልባቡ ራሷ ላይ ቢኖር ኖሮ ጉንጯ ላይ ያዝ አድርጌ በመጣሁ።»

እውነቱን ለመናገር ይሄ ቀላል መከራከሪያ አይደለም። እሳት ሲነሣ፣ አጥር ሲፈርስ፣ ፈረሶች ሲጣሉ፣ ቶሎ የሚያዝ ፈረስና የማይያዝ ፈረስ ልዩነታቸው የነፍስ ነው። ጋሼ ሲጨርስ ግማሹ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ልጁ የበሩን ታሪክ ያወራል።

የበሩ ታሪክ የደረሰው እሱ ቀድሞ በሠራበት አንድ ግቢ ነው። አንዲት ዳማ ባዝራ ልባቧን እንዳደረገች ሜዳ ተለቃለች። ፈረስ ሲያሳክከው እንጨትም ይሁን ብረት ያገኘውን ይታከካል። ይቺም የብረቱ በር ላይ ጉንጯን ስትታከክ የልባቡ ቀለበት የመቀርቀሪያው ጫፍ ላይ ገባ። ለመውጣት ጎተተች። አልወጣም። ቀጥሎ የሆነውን ልጁ ሲናገር ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ባዝራዋ ወደ ኋላዋ ተቀምጣ በሙሉ ክብደቷ ተወረወረች። ልባቡ ናይለን ነው፣ አልተበጠሰም። ቀለበቱ ብረት ነው፣ አልተከፈተም። በሩ ከማጠፊያው ተነቀለ። ባዝራዋ በር አንጠልጥላ፣ በሩ እግሯን እየመታት፣ ሜዳውን ሦስት አራት ጊዜ ዞረች። ሰዎች ደርሰው በቢላዋ ቆርጠው አዳኗት። እግሯ ላይ የተሰፋው ቁስል ከርሞ ዳነ፤ በር ባየች ቁጥር መደንገጧ ግን አልተዋትም። «አላህ ያሳያችሁ» ይላል ልጁ፣ ክርስቲያን ቢሆንም የሪያድ ኑሮ መሐላውን አዛንቆበታል፣ «በሩ ጠንካራ ቢሆን ኖሮስ?»

በሩ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ የሚበጠሰው አንገት ነበር። ነገሩን ያየ የፈረስ ሐኪም ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ፈረስ በሺህ ዘመን የተረፈው በጥርሱ ወይም በቀንዱ አይደለም፣ በመሸሹ ነው። ከጆሮው ኋላ የሆነ ነገር ሲጫነውና አልለቅ ሲለው ቆም ብሎ «እስቲ ልመርምረው» አይልም። ወደ ኋላ ይጎትታል፤ በጎተተ ቁጥር ያ ነገር የበለጠ ይጫነዋል፣ የበለጠ በተጫነው ቁጥር የበለጠ ይጎትታል። ይህ ክብ የሚቆመው አንድ ነገር ሲበጠስ ብቻ ነው። ጥያቄው ምን ይበጠስ የሚለው ነው። ልባቡ? በሩ? ወይስ ፈረሱ?

የሚጠልፈው ነገር ደግሞ ሰው የማይጠረጥረው ነው። የውኃ ባልዲ እጀታ፣ የቧንቧ አፍ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የአጥር ምስማር። የራሱ የኋላ እግር ሳይቀር! ፈረስ ልክ እንደ ውሻ የኋላ እግሩን አንሥቶ ጆሮውን ያካል፤ ልባቡ ሰፊ ከሆነ ኮቴው ሾልኮ ይገባና በሦስት እግሩ ቆሞ ይቀራል፣ ወይም ይወድቃል። ጓደኛው ሊጫወት በፊት እግሩ ሲደባብሰውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ነው ልባብ በጉንጭና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ያህል ብቻ ያስገባ የሚባለው። ውርንጭላ ላይማ ጭራሽ ትቶ መሄድ ነውር ነው፤ ራሱ በሳምንታት ውስጥ እያደገ ልባቡ ግን አያድግምና ሥጋው ውስጥ ይሰምጣል። በሪያድ ደግሞ ፀሐይ አለች። በበጋ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲያልፍ የልባቡ ብረት ጉንጭ ላይ የጋለ ሳንቲም ነው። በሙቀቱ ምክንያት እዚህ ፈረስ በበጋ የሚለቀቀው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ማለትም ሰው በማያይበት፣ ቢጠለፍም ማንም ቶሎ በማይደርስበት ሰዓት።

ጋሼ በዚህ ጊዜ ሃይማኖት ይጠቅሳል። ነቢዩ ግመሉን ልፍታውና በአላህ ልመካ ወይስ ላስረው ብሎ ለጠየቃቸው ሰው እሰረውና ተመካ ማለታቸውን እዚህ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። «እሰረው ነው የተባለው» ይላል ጋሼ፣ ሲኒውን አስቀምጦ።

«ግመል የሚታሰረው ጉልበቱ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለ ልጁ አንድ ቀን፣ በትሕትና፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ራሱ ላይ አይደለም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ መጀመሪያ የሳቀው ጋሼ ራሱ ነው። ግመል በሚንበረከክበት ጊዜ የፊት እግሩን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ማሰር የአረቡ ጥንታዊ ዘዴ ነው፤ የታሰረው ግመል ቢደነግጥ ሊነሣ ይታገል ይሆናል፣ አይታነቅም። ጋሼ ግን በሳቁ መካከል እጅ አልሰጠም። ኪሱን መታ መታ አድርጎ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ አወጣና «እኔ ራሴ ልባቤን ይዤ አይደለም እንዴ የምዞረው? ሳያወልቁልኝ ነው የለቀቁኝ!» አለ። በዚያች ቀልድ ላይ ቤቱ ውስጥ ያልሳቀ አልነበረም፣ ቡና ቀጂዋም ጭምር። ከፊል፣ ማለትም ፈቃዱን የያዘለት አሠሪ፣ የሌለው ማን አለና።

ወደ አገራችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ክርክሩ ሁልጊዜ የሚያልቀው «እኛ አገር እኮ» ላይ ነው። ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት፣ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት ይባላል፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በቧንቧ ብረት የታጠረ የራሱ ሜዳ ያለው ስንቱ ነው? ገበሬው ፈረሱን የሚያቆየው በሌላ መንገድ ነው። ቀን ቀን በእረኛ፣ እረኛ ከጠፋ በችካል። የፊት እግሩን በጠፍር ወይም በቃጫ ገመድ አስሮ ችካሉን መሬት ላይ ይቸክላል፤ ፈረሱም ገመዱ በፈቀደለት ክብ ውስጥ ሣሩን ላጭቶ ይጨርሳል። ማታ ደግሞ ፈረስ ወደ ቤት ነው። ጋጣው ሰው ከሚተኛበት በግድግዳ ብቻ ይለያል፣ አንዳንዱ ቤት ግድግዳም የለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጅብ። የእኛ አጥርና በረት የተሠራው ፈረሱ እንዳይወጣ ሳይሆን ጅቡ እንዳይገባ ነው። ሪያድ ውስጥ ጅብ የለም፤ አደጋው ከነልባቡ አጥሩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ገመዱ። የአገራችን ገመድ ደካማ ነው። ቃጫው በዝናብ ይበሰብሳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይላጋል፣ በሁለተኛው ክረምት አንድ ጠንካራ ጉተታ አይችልም። ጠፍሩም ቢሆን አይጥ ይበላዋል። ገጠር ያደገ ወንድ ሁሉ «ገመድ በጠሰ!» የሚል ጩኸት ሰምቶ በእንቅልፍ ልቡ ሜዳ ለሜዳ ያልተሯሯጠ የለም፤ በማግሥቱ ደግሞ «ለምን አጥብቀህ አላሰርክም?» ተብሎ ያልተገረፈ የለም። እኛ ድክመት ነው ስንለው የኖርነው ነገር ግን ያን ሁሉ ፈረስ ያተረፈ ነው። ፈረሱ ደነገጠ፣ ጎተተ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ ፈረሱ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ገብቶ ገብስ በላ፣ ካሣ ተከፈለ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ነገሩ አለቀ። አንድም አንገት አልተሰበረም። ይህን ዘዴ ማንም አልፈለሰፈውም፣ ድህነት ነው የሰጠን።

ፈረንጅ ግን አስቦበት ፈልስፎታል፣ ገንዘብም ያስከፍልበታል። በሪያድ የፈረስ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ውስጥ ከናይለኑ ልባብ አጠገብ ከጆሮ ኋላ የምትውለው ቁራጭ ብቻ ከቀጭን ቆዳ የተሠራችበት ሌላ ልባብ ተሰቅሎ ታያላችሁ። የዚያች ቁራጭ ሥራዋ መበጠስ ነው። ሌላው ሁሉ ጠንክሮ እሷ ትደክማለች፣ ፈረሱ ሲታገል እሷ ትሄዳለች፣ እሷን ለመተካት የሚወጣው ወጪ ከፈረሱ ጋር አይወዳደርም። ሙሉ ለሙሉ የቆዳ ልባብም እንደዚሁ፣ ቢያንስ ከናይለን ቀድሞ ይሸነፋል። ቆዳ ታዲያ ጥገና ይፈልጋል፤ በዚህ አገር ድርቀት ቅባት ካላገኘ በወሩ እንደ ቋንጣ ይሆናል። ናይለኑ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ያማረ ነው፣ ይታጠባል፣ አያልቅም። የማያልቅ መሆኑ ነው ችግሩ።

ለማሰሪያም ያው ሕግ ነው። ልምድ ያለው ሳይስ ፈረሱን በቀጥታ ብረት ቀለበት ላይ አያስርም። በርሲም የሚባለው መኖ እስር የሚታሰርባትን ቀጭን ሲባጎ ወስዶ ብረቱ ላይ ክብ አድርጎ ይቋጥርና ገመዱን እሷ ላይ ያስራል፤ ፈረሱ ከበረገገ ሲባጎዋ ትበጠሳለች። ገመዱ ደግሞ በፈረሱ ደረት ሳይሆን ከፍ ብሎ በትከሻው ልክ፣ በአንድ ክንድ ርዝመት፣ በአንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰራል። ይህን የሚሠራው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጋሼ። «ይቆይ» ባዩ ጋሼ! የሲባጎ ክምር ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ልጁ ሲያጋልጠው «ይሄ ሌላ ነው» ይላል፣ ለምን ሌላ እንደሆነ ግን አያብራራም።

አጥሩን በአጭሩ ላንሣው፣ ምክንያቱም ልባብ የሚቆየው ብዙ ጊዜ አጥሩ ስላልታመነ ነው። እሾሃማ ሽቦ ለላም ይሁን፣ ለፈረስ ግን ቢላዋ ነው፤ ቆዳው ስስ ነው፣ ሲደነግጥ በሩጫ ነው የሚገባበት፣ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ከሩቅ አይታየውም። የፈረስ ዓይን ጎንና ጎኑን እስከ ኋላው ድረስ ያያል፣ ልክ ግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ግን አያይም። የሚታይ፣ ወፍራም፣ ከደረቱ በላይ የሚደርስ፣ ጥጉ ሾጣጣ ያልሆነ አጥር ነው የሚሻለው፤ ሾጣጣ ጥግ ላይ አንዱ ፈረስ ሌላውን ያጣብቀዋልና። መቀርቀሪያው ደግሞ በከንፈር የማይከፈት ይሁን። ፈረስ በከንፈሩ የማይከፍተው በር የለም የሚሉ አሉ፤ እኔ አንዱ ፈረስ የራሱን ከፍቶ ሲያበቃ የጎረቤቶቹን ሲከፍት የሚያሳይ ቪዲዮ አይቻለሁ፣ በዓይኑ ውስጥ የጸጸት ምልክት አልነበረም።

የማትያዘዋ ግራጫስ? መፍትሔዋ ተምር ነው። ሪያድ ተምር የማይገኝበት ቤት የለም። ፍሬውን አውጥቶ፣ ያለ ልባብ፣ ያለ ሥራ፣ እንዲሁ ሄዶ ሰጥቶ መመለስ። ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ ሥራ ይዞ ከመጣ ማን ይቀርባል? እኛስ አለቃ ሲደውል ስልኩን ገልብጠን የምናስቀምጥበት ጊዜ የለም? ልጁ በዚህ ዘዴ እጅ አልሰጥም ያለ ፈረስ አስለምዷል፤ አሁን በሩ ላይ ቆሞ ሲያፏጭ ይመጣል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ልባቡ ውስጥ ራሱ ያስገባል። ጋሼ ይህን ሲሰማ «ለእንግዶች ምን ልላቸው ነው፣ ቆዩ ተምር ልስጣት?» ይላል። እንግዶቹ ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ ማለት ነበረብን፤ ግን ደመወዙን የሚቀበለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ጥሩ አይሆንም። ከመጠን በላይ ማሰር አንዱ ጥፋት ከሆነ ጭራሽ ለቅቆ መርሳት ሌላው ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የደከመ፣ የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ይለቀቃል። አንገቱ ላይ ቁራጭ ገመድ እየጎተተ መንገድ አካፋዩ ላይ ይቆማል፣ ማታ አስፋልቱ ሲሞቀው መሀል ላይ ይተኛል። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፍቶ ይዞረዋል። ሲሠራ ውሎ ገመዱን የያዘለት ሰው ነበር፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ገመዱ ቀረለት፣ ሰውዬው ሄደ። በምሥራቅ ሐረርጌ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩ ፈረሶች አሉ፤ እነሱ ነጻ ናቸው ሊባል ይችላል። የአስፋልቱን ፈረስ ነጻ የሚለው ካለ አስፋልቱ ላይ ለአንድ ሌሊት ይተኛና ይንገረን።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን አዊ ውስጥ ፈረሱ ተሸልሞ፣ ግላሱ አብረቅርቆ ሜዳ ይሞላል፣ የዐድዋ ዘማቾችና ፈረሶቻቸው ይታሰባሉ። ያ ቀን ሲቃረብ የእንጅባራው ልጅና ጓደኞቹ ሪያድ ገበያ ወጥተው ልባብ ይገዛሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወርቃማ ቀለበት ያለው፣ ጥሩ ጥሩ ናይለን። በካርጎ ወደ አገር ይሄዳል። አባት ደስ ይለዋል፣ ጎረቤት ይቀናል፣ ፈረሱ በበዓሉ በልባቡ ይደምቃል። ከበዓሉ በኋላ ግን «የሪያድ ዕቃ ነው» ተብሎ አይወልቅም፤ ፈረሱ ከነልባቡ ግጦሽ ይሰማራል፣ ከነልባቡ ጋጣ ገብቶ ያድራል። ቃጫው ሲበጠስ የኖረበት ቦታ ላይ የማይበጠስ ነገር ልከናል፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ቢላዋ ይዞ የሚሮጥ ሳይስ የለም።

ስለዚህ የምትልኩ ሁሉ፣ ከመላዝም ሆነ ከመንፉሓ፣ ከጅዳም ሆነ ከዱባይ፣ ከቻላችሁ የቆዳውን ላኩ። ናይለን ከገዛችሁ ከጆሮ ኋላ የሚውለውን ክፍል ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ አስቆርጡትና በእርሳስ ስፋት ያህል ቀጭን ቆዳ አስቀጥሉት፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ወረቀት ጨምሩና በትልቁ ጻፉበት፦ «አባዬ፣ ፈረሱን ሜዳ ስትለቁት አውልቁለት፤ በሩ ላይ ስቀሉት።»